ኡኒዮን ዴፖርቲቫ ሳላማንካ፦ ክለብ ሲፈርስ ማን ይወርሳል?

ሳላማንካ በምዕራብ ስፔን፣ ከፖርቱጋል ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ በቶርሜስ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች የተማሪዎች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ የተመሠረተው በ1218 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እግር ኳስም ወደ ከተማዋ የገባው በተማሪ እግር እንደሆነ ይነገራል። በ1592 የተከፈተው የአየርላንዳውያን ኮሌጅ በሀገራቸው የካቶሊክ ክህነት ትምህርት ለተከለከሉ ወጣቶች መጠጊያ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የዚያው ኮሌጅ ተማሪዎች ኳስ ሲጫወቱ ያዩ የከተማዋ ልጆች ጨዋታውን ከእነሱ ተቀበሉ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1923 ኡኒዮን ዴፖርቲቫ ሳላማንካ ሲመሠረት እንደ ዘመኑ የስፔን ክለቦች ሁሉ የአባላት ማኅበር ነበር፤ መዋጮ ይከፈላል፣ ጉባኤ ይጠራል፣ ሊቀ መንበር ይመረጣል። ድፍን 90 ዓመት ኖሮ በጁን 2013 በንግድ ችሎት ውሳኔ ፈረሰ።

ክለቡን ምን ገደለው ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ የሚሰጠው መልስ ዕዳ የሚል ነው። ዕዳው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ሁሉ አይሞትም፤ ያማ ቢሆን በስፔን ስንት ክለብ በተረፈ? የእኔ ሙግት ሌላ ነው። ሳላማንካን ለሞት ያበቃው ከዕዳው መጠን ይልቅ ክለብን ወደ ኩባንያነት የለወጠው አሠራር ነው። ይህ አሠራር ስሙን፣ ስታዲየሙንና በሊጉ ውስጥ ያለውን ቦታ በአንድ የንብረት መዝገብ ላይ አሰፈራቸው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ ባለቤቱ ሲከስር ለሐራጅ ይቀርባል። መዝገቡ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ሰዉ ነው። ክለቡ ከፈረሰ በኋላ በከተማዋ የሆነው ሁሉ ይህንን ያሳያል ብዬ አምናለሁ። በሙግቱ ላይ የሚነሡት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉምና በየቦታቸው እመለስባቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊጉን ከ1936 እስከ 1939 አስቆመው፤ ሳላማንካም ለተወሰነ ጊዜ የፍራንኮ ዋና ሰፈር ሆነች። ከዚያ በኋላ ክለቡ ኤል ካልቫሪዮ በተባለው አሮጌ ሜዳው ላይ እየተጫወተ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲቪዚዮን መካከል ሲወርድና ሲወጣ ኖረ። ነገሩ የሚለወጠው ኤፕሪል 8 ቀን 1970 ነው። በዚያ ቀን ክለቡ የራሱ የሆነውን ሄልማንቲኮን ከሊዝበኑ ስፖርቲንግ ጋር ያለ ግብ በተጠናቀቀ ጨዋታ መረቀ። ስታዲየሙ ስሙን ያገኘው ሃኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ220 ከበባት ከምትባለው ከጥንቷ ሄልማንቲካ፣ ማለትም ከራሷ ከሳላማንካ ነው። የተሠራው ግን ከከተማው ውጭ ወደ ሳሞራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቪያሬስ ዴ ላ ሬይና በተባለች ሌላ ወረዳ መሬት ላይ ነበር። በጊዜው ማንም ብዙ አላሰበበትም። ክለቡ በገዛ ንብረቱ ላይ መጫወቱ የኩራት ምንጭ ነበርና በዕዳ ተይዞ የሚሸጥበት ቀን ይመጣል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

አዲሱ ሜዳ ከተከፈተ በኋላ የመጡት ዓመታት የክለቡ ምርጥ ዘመን ናቸው። አሰልጣኙ ሆሴ ሉዊስ ጋርሲያ ትራይድ ቡድኑን ከሦስተኛ ዲቪዚዮን በተከታታይ አሳድጎ በ1974 ላሊጋ አስገባው። በዚያው ዓመት ከአርጀንቲናው ሳን ሎሬንሶ የመጣው ግብ ጠባቂ ሆርሄ ዳሌሳንድሮ እስከ 1984 ድረስ ሳይለቅ አሥር ዓመት በረኛ ሆኖ አገለገለ። በአንድ ጨዋታ ላይ በደረሰበት ግጭት ኩላሊቱ ተጎድቶ በቀዶ ሕክምና ወጥቶለታል፤ ያም ሆኖ በአንድ ኩላሊት ወደ ግብ አግዳሚው ተመለሰ። ቡድኑ በመጀመሪያው የላሊጋ ዓመቱ በ1974–75 ሰባተኛ ወጣ፤ ከዚያ የተሻለ ደረጃ እስከ ዕለተ ሞቱ አላገኘም። እስከ 1981 ለሰባት ተከታታይ ዓመታት በትልቁ ሊግ ቆየ፣ ወረደ፣ በ1982 ተመለሰ፣ በ1984 ደግሞ ወረደ። ነዋሪዎቿ 150 ሺህ አካባቢ ለሆኑ፣ ብዙ ፋብሪካ ለሌላት፣ በዩኒቨርሲቲና በቱሪስት ለምትኖር ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ይህ ሁሉ የሆነው ክለቡ የአባላት ማኅበር በነበረበት ዘመን ነው። የከተማዋ ስመ ጥር ልጅ ቪሴንቴ ዴል ቦስኬ ግን ለዋናው ቡድን ተሰልፎ አያውቅም፤ ከወጣቶቹ ቡድን ከሳልማንቲኖ በ1968 በቀጥታ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ይህ ስም ወደፊት ይመለሳል።

በሰማንያዎቹ የስፔን ክለቦች በዕዳ ተዘፈቁ። የክለብ መሪዎች በአባላት ድምፅ የሚመረጡ ነበሩና መራጩን ለማስደሰት ተጫዋች ይገዛሉ፤ ዕዳውን ለሚቀጥለው ይተዋሉ፤ ራሳቸው በግል የሚጠየቁበት ነገር እምብዛም አልነበረም። መንግሥት አንድ ጊዜ ዕዳ የሚያቃልል ዕቅድ አወጣ፤ አልበቃም። ስለዚህ ኦክቶበር 1990 የወጣው የስፖርት ሕግ ቁጥር 10/1990 ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። በሁለቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖች የሚጫወት ክለብ ሁሉ የስፖርት አክሲዮን ማኅበር እንዲሆን ግዴታ ተጣለበት። ነፃ የወጡት ሒሳባቸው ከኪሳራ የጸዳ ሆኖ የተገኘው አራት ብቻ ናቸው፦ ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ አትሌቲክ ቢልባኦና ኦሳሱና። ሳላማንካም እንደ ሌሎቹ በስሙ መጨረሻ ላይ የአክሲዮን ማኅበርነቱን የሚገልጹትን ሦስት ፊደላት ጨመረ። አባላቱ አክሲዮን ለመግዛት ቅድሚያ ነበራቸው። ነገር ግን ቅድሚያ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ይለያያሉ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ የነበረው ነገር በአንድ አክሲዮን አንድ ድምፅ ተተካ፤ በየከተማውም የአብዛኛው አክሲዮን ባለቤት የሆነ ባለ ሀብት ብቅ አለ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውና ብርቱው ተቃውሞ ይነሣል። ክለቦች ከዚያ በፊትስ ይሞቱ የለም ወይ? ይሞታሉ። ላሊጋ ተጫውቶ የነበረው አግሩፓሲዮን ዴፖርቲቫ አልሜሪያ በ1982 ፈረሰ፤ ቡርጎስ በ1983 ተከተለው፤ ክለብ ዴፖርቲቮ ማላጋም በ1992 በዕዳ ምክንያት ወደ አክሲዮን ማኅበርነት መሸጋገር አቅቶት ተዘጋ። ሦስቱም ሲሞቱ የአባላት ማኅበር ነበሩ። ስለዚህ ሞትን አዲሱ ሕግ ፈጠረው ማለት ስሕተት ነው። ይሁን እንጂ እንዴት እንደተተኩ እንይ። ቡርጎስ ሲፈርስ በተጠባባቂው ቡድን ላይ ሪያል ቡርጎስ ተመሠረተ። ማላጋ ሲዘጋ የራሱ ሕጋዊ ምዝገባ የነበረው ተጠባባቂው ቡድን አትሌቲኮ ማላጌኞ ተረፈ፤ በ1994 ስሙን ለውጦ የዛሬው ማላጋ ሆነ። በሁለቱም ከተሞች ደጋፊው ማንን ልከተል ብሎ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረም፤ ወራሹ ቤት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሙግቴን በትክክል ላስቀምጥ። አዲሱ ሕግ ሞትን አልፈጠረም፤ የለወጠው የሞቱን ዓይነት ነው። ቀድሞ ክለብ ሲፈርስ የከተማው ሰው እንደገና ያቆመዋል፤ ከሕጉ በኋላ ሲፈርስ ግን በየብልቱ ለገዢ ይቀርባል።

ወደ ትረካው ስንመለስ ሳላማንካ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከሁለተኛ ዲቪዚዮንም ወርዶ ነበር። ከዚያ ያወጣው የእኛ አንባቢ በማንቸስተር ሲቲ የጓርዲዮላ ረዳት ከነበረበት ጊዜ የሚያውቀው ሁዋንማ ሊሎ ነው። ተጫዋች ሆኖ ስም ያላተረፈው ይህ ወጣት በ1994 ቡድኑን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አሳደገው፤ በ1995 ደግሞ ገና በ29 ዓመቱ የላሊጋን በር አንኳኳ። የመጨረሻው ፈተና ከላሊጋው አልባሴቴ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበር። በሄልማንቲኮ አልባሴቴ 2 ለ 0 አሸነፈ። በመልሱ ግን ሳላማንካ በአልባሴቴ ሜዳ በመደበኛው ሰዓት 2 ለ 0 መርቶ ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገፋ፤ በተጨማሪው ሰዓት ሦስት ደግሞ 5 ለ 0 ጨረሰ። በራሱ ደጋፊ ፊት የተሸነፈ ቡድን በሰው ሜዳ አምስት አስቆጥሮ ያደገበት ሌላ ታሪክ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለሙግታችን ከግቦቹ ይበልጣል። ሳላማንካ ያባረረው አልባሴቴ በዚያው ክረምት ያለ ጨዋታ ወደ ላሊጋ ተመለሰ። ሴቪያና ሴልታ ቪጎ ከበጀታቸው 5 በመቶ የሆነ የባንክ ዋስትና በጊዜው አላቀረቡም ተብለው በኦገስት 1995 መጀመሪያ ላይ ወደ ሦስተኛው እርከን እንዲወርዱ ተወሰነ፤ ቦታቸውም ለአልባሴቴና ለቫያዶሊድ ተሰጠ። የሁለቱ ከተሞች ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ባለሥልጣናቱ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ተንበረከኩ፤ ሴቪያና ሴልታም ተመለሱ። ቦታው አንዴ ለአልባሴቴና ለቫያዶሊድ ተሰጥቷልና እሱንም መንጠቅ አልተቻለም። በዚህ ምክንያት ላሊጋው ለሁለት ዓመታት በ22 ቡድን ተካሄደ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ደንብ ከሕዝቡ ጩኸት ጋር ሲጋጭ በዚያን ጊዜ ያሸነፈው ጩኸቱ ነው። ታዲያ በ2013 የሳላማንካ ደጋፊ ሲጮኽ ለምን አልተሰማም? ብዙዎች ሴቪያና ቪጎ ትልልቅ ከተሞች፣ ሳላማንካ ግን ትንሽ ስለሆነች ነው ይላሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ዋናው ልዩነት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። በ1995 ጉዳዩ የሊጉና የፌዴሬሽኑ ነበር፤ ደንቡን ያወጡት ሰዎች ሊያጥፉት ይችላሉ። በ2013 ግን ጉዳዩ የተያዘው በንግድ ችሎት ነው፤ እዚያ ያሉት ገንዘብ ጠያቂዎችና ዳኛ ናቸው፤ ዳኛ ደግሞ በጩኸት ብዛት ሕግ አያጥፍም፤ እንዲያጥፍም አንመኝም።

ሳላማንካ በዚያ የ22 ቡድን ሊግ 22ኛ ወጣ። ሊሎ በዓመቱ መሐል ተሰናበተ። ሆኖም ቡድኑ ወዲያው ተነሣ። የማራዶናን ቁርጭምጭሚት በመስበሩ የሚታወቀው የቀድሞው ተከላካይ አንዶኒ ጎይኮኤትሴያ አሰልጣኝ ሆኖ በ1997 ሁለተኛ ወጥቶ እንደገና አደገ። በዚያ ቡድን ውስጥ ከሴልታ በውሰት የመጣው ሚቼል ሳልጋዶ ነበር፤ ከኤስቶሪል የተገዛውና በፖርቱጋል ትልቅ ሊግ ተሰልፎ የማያውቀው ፓውሌታም 19 ግብ አስቆጥሯል። ይህ ሰው ኋላ ላይ ክርስቲያኖ ሮናልዶ እስኪያልፈው ድረስ የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኗል። በ1997–98 ሳላማንካ ለዋንጫ የበቃውን የቫን ሃል ባርሴሎናን በሜዳው 4 ለ 3፣ በካምፕ ኑ ደግሞ 4 ለ 1 አሸነፈ፤ ቫሌንሲያንም 6 ለ 0 ሸኘው። በዓመቱ መጨረሻ 15ኛ ነበር። ክረምት ሲመጣ ፓውሌታ ወደ ዴፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ተሸጠ፤ በተከታዩ ዓመት ክለቡ መጨረሻ ወጥቶ ወረደ። በታሪኩ አሥራ ሁለተኛው የላሊጋ ዓመት ነበር፤ አሥራ ሦስተኛ አልመጣም።

ከ1999 እስከ 2013 ያለው ዘመን አሰልቺ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሞቱ የተዘጋጀው ግን በዚህ ዘመን ነው። ክለቡ በ2005 ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ፣ በ2006 ተመለሰ፣ በ2011 እንደገና ወረደ። በሁለተኛ ዲቪዚዮን ሳለ መጠነኛም ቢሆን የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበረው። ሦስተኛው እርከን ላይ ይህ የለም ማለት ይቻላል፤ የቀድሞው ዕዳ ግን አብሮ ይወርዳል። የ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ደግሞ ክለቦችን ደግፈው የነበሩትን የግንባታ ኩባንያዎችና የቁጠባ ባንኮች አንኮታኮተ። ክለቡ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ገባ፤ ገንዘብ ጠያቂዎቹን የሚያሳምን ዕቅድ አልተገኘም፤ ጁን 18 ቀን 2013 ኩባንያው ፈርሶ ንብረቱ እንዲጣራ ተወሰነ። ያኔ ይነገር የነበረው ዕዳ ወደ 23 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ነው። በዚያው ወቅት ዕዳው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ የነበረው ሪያል ሳራጎሳ በ2011 ለተመሳሳይ የፍርድ ቤት ጥበቃ አመልክቶ በላሊጋ እየተጫወተ ነበር። ሪያል ሶሲዬዳድ፣ ሴልታ፣ ሌቫንቴ፣ ቤቲስ፣ ማዮርካ ሁሉም በዚያ በር አልፈዋል፤ አንዳቸውም አልፈረሱም። ዕዳ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚሞተው ሳራጎሳ ነበር። ሳራጎሳን ያኖረው ለገንዘብ ጠያቂዎቹ ከሞቱ ይልቅ ሕይወቱ ብዙ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ነው። ሦስተኛ እርከን ላይ ያለ ክለብ ግን ቆሞ ከሚጫወት ስታዲየሙ ቢሸጥ ይሻላል። ስሌቱ ጨካኝ ነው፤ ለኩባንያ ግን ትክክለኛ ስሌት ነው፤ ሕጉም ክለቡን ኩባንያ ብሎታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል፦ ጥፋቱ የአስተዳዳሪዎቹ ነው፤ ሕጉ ምን አደረገ? በእርግጥ ከገቢ በላይ ደመወዝ የፈረመው፣ ግብርና የማኅበራዊ ዋስትና ክፍያ ሲጠራቀም ዝም ያለው ሰው ነው። እኔም አስተዳዳሪዎቹን ነፃ ለማውጣት አልጽፍም። ነገር ግን የ1990ው ሕግ የወጣበት ምክንያት ራሱ ይህ ነበር፤ ባለ አክሲዮን የራሱ ገንዘብ ስላለበት ይጠነቀቃል ተብሎ ነበር። በ2013 ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕዳው እንደ ድሮው ነው፤ ለውጥ ያመጣው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ አባላቱ አስተዳዳሪውን የሚያነሡበት ጉባኤ ጠፍቷል። መጥፎ አስተዳዳሪ በማኅበርም በኩባንያም ይኖራል፤ በኩባንያ ውስጥ ግን ወንበር ላይ ሆኖ የሚያየው ደጋፊ ቲኬት ከመግዛትና ከመጮኽ በቀር የሚያደርገው የለውም።

ከውሳኔው በኋላ የሆነው በአጭር ጊዜ ተከሰተ። አንድ ቡድን ክለቡ በሊጉ ውስጥ የነበረውን ቦታ በገንዘብ ወስዶ ሳላማንካ አትሌቲክ ክለብ በሚል ስም ሊቀጥል ሞከረ፤ ፌዴሬሽኑ ግን ቦታው በዚህ መልክ አይተላለፍም ብሎ አልተቀበለውም። ኦገስት 26 ቀን 2013 ደጋፊዎች ተሰብስበው ኡኒዮኒስታስ ዴ ሳላማንካ የተባለ ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙ የአሮጌው ክለብ ደጋፊዎች ይጠሩበት የነበረው ነው። መርሑ ግልጽ ነበር፦ አንድ አባል አንድ ድምፅ፤ አክሲዮን የለም፤ እኛ አሮጌውን ክለብ እናከብራለን እንጂ እኛ እሱ ነን አንልም። በሌላ በኩል የወጣቶቹ ቡድን ሳልማንቲኖ ተለይቶ ቆመ፤ በሜክሲኮአዊ ባለ ሀብት ገንዘብ ተደገፈ፤ ሄልማንቲኮም ቆይቶ በሐራጅ ወደዚያው እጅ ገባ። ይህኛው ክለብ ስሙ ውስጥ የቀድሞውን ምሕጻረ ቃል ከትቶ ነጭና ጥቁሩን ማሊያ ለብሶ በአሮጌው ሣር ላይ ይጫወታል። በአንድ ከተማ ሁለት ወራሽ ተፈጠረ፤ አንደኛው ሜዳው አለው፤ ሁለተኛው የአባላቱ መዝገብ አለው።

ኡኒዮኒስታስ በ2014–15 የጀመረው ከሁሉም በታች ካለው የክፍለ ሀገር ሊግ ነው፤ ከመንደር ቡድኖች ጋር። የራሱ ሜዳ አልነበረውም፤ የተጫወተው ከሄልማንቲኮ አጠገብ ባለው የሩጫ ሜዳ፣ ሰዉ ላስ ፒስታስ በሚለው ቦታ ላይ ነው። ደጋፊዎቹ ለአርባ ዓመት የገቡበትን ስታዲየም በጎን እያዩ የአትሌቲክስ መም ከሣሩ በሚለያቸው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። ዴል ቦስኬ ስፔንን ለዓለምና ለአውሮፓ ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው፤ የዚህ ክለብ መዋጮ ከፋይ አባል ሆነ፤ እንደ ማንኛውም አባል አንድ ድምፅ አለው። ቡድኑ ከዓመት ዓመት እያደገ በ2018 ሦስተኛው እርከን ደረሰ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይህን ታሪክ አንድ ወገን ብቻ አድርጎ መናገር አይቻልም የሚለው ነው፤ እቀበለዋለሁ። በዚያው በ2018 ሳልማንቲኖም አብሮ አድጓል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሄልማንቲኮ ሄዷል፤ እነዚህ ሰዎች የዋሆችም ከሃዲዎችም አይደሉም። አባታቸው ይዟቸው የገባበት በር፣ የሚያውቁት ወንበር፣ የለመዱት ማሊያ እዚያ ነው ያለው። ክለብ ማለት ቦታ ነው የሚል ሰው ምን ተብሎ ይሳሳታል? ይሁን እንጂ ጊዜ አንድ ነገር አሳይቷል። ከ2021ው የሊግ ለውጥ በኋላ ኡኒዮኒስታስ በሦስተኛው እርከን ሲቆይ ስታዲየሙን የያዘው ክለብ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሜዳና ስም ብቻ ወራሽ ቢያደርጉ ኖሮ ውጤቱ የተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። ውጤት ሁሉን አይናገርም፤ በሌላ ዓመት ሊገለበጥ ይችላል፤ እኔም ሙግቴን በደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ አላቆመውም። ክብደት የምሰጠው ለአወቃቀሩ ልዩነት ነው፦ አንደኛው ክለብ ባለ ሀብቱ ቢሰለቸው ዕጣው የሚወሰነው በአንድ ሰው ነው፤ ሌላኛው ቢከስር እንኳ ለሐራጅ የሚቀርብ ትልቅ ንብረት የለውም፤ ሜዳው የማዘጋጃ ቤት ነው፤ የቀረው የአባላቱ መዋጮና ፈቃድ ነው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2020 በንጉሡ ዋንጫ ሪያል ማድሪድ ወደ ላስ ፒስታስ መጣ። ለዕለቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ተተክሎ ነበር። ጋሬዝ ቤል ቀድሞ አስቆጠረ፤ በሁለተኛው አጋማሽ አልቫሮ ሮሜሮ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ፤ ለጥቂት ደቂቃም የዚዳን ቡድን ተጨነቀ። ከዚያ አንድ ተከላካይ በራሱ መረብ ላይ አስቆጠረ፣ ብራሂም ዲያዝም በመጨረሻ ጨመረ፤ 3 ለ 1 ሆነ። ሰዉ ትልቁን ስታዲየም ተከራይተው ብዙ ሺህ ቲኬት መሸጥ አይሻልም ነበር ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለኩባንያ ይሻላል። አባላቱ ግን በገዛ ቤታቸው መሸነፍን መረጡ፤ ከሒሳብ አንጻር ሞኝነት ቢመስልም የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በደንብ ያሳያል። በዚያው ዓመት ክለቡ ከተማ ውስጥ ወዳለው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሬይና ሶፊያ ሜዳ ተዛወረ። በጃንዋሪ 2024 የላሊጋውን ቪያሪያልን በዚያ ሜዳ ገጠመ፤ መብራት ጠፍቶ ጨዋታው ተቋርጦ በማግሥቱ ቀጠለ፤ 1 ለ 1 ከሆነ በኋላ ኡኒዮኒስታስ በመለያ ምት አሸነፈ። በሚቀጥለው ዙር በባርሴሎና ላይ ቀድሞ ግብ አስቆጥሮ 3 ለ 1 ተሸነፈ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ቀዝቃዛውና ምናልባትም እውነተኛው ነው፦ ይህ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ ነገር ግን የአባላት ክለብ ላሊጋ አይደርስም፤ ሳላማንካ ላሊጋ ያየችው ድሮ ነው። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ ሳላማንካ ሰባተኛ የወጣችው የአባላት ማኅበር ሳለች ነው፤ በኩባንያነት ዘመኗ ያገኘችው ከፍተኛው 15ኛ ነው። እውነቱን ለመናገር በ1975 እና በ1998 መካከል የእግር ኳስ ዋጋ ፈጽሞ ስለተለወጠ ይህ ንጽጽር ያን ያህል አይጠነክርም። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ይከብዳል። ለሠላሳ ዓመት ያህል እንዲህ ያለ ክለብ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቢያድግ ሕጉ ራሱ አፍርሶ ኩባንያ እንዲሆን ያስገድደው ነበር፤ ስለዚህ ኡኒዮኒስታስ ማደግን ሲመኝ የሚመኘው በከፊል የራሱን መጥፋት ነበር። ዲሴምበር 2022 የወጣው አዲሱ የስፖርት ሕግ ቁጥር 39/2022 ይህን ግዴታ አነሣ። አሁን የአባላት ክለብ የአባላት ክለብ ሆኖ ወደ ሙያዊ ሊግ መግባት ይችላል። የስፔን ምክር ቤት የ1990ውን መድኃኒት በዚህ መልኩ ሲያቃልል ስለ ሳላማንካ አላነሣም፤ ሄልማንቲኮም እስከ ዛሬ የግል ንብረት ነው፤ ኡኒዮኒስታስ ግን ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቢያድግ ጉባኤውን ይዞ ያድጋል።